የዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈው

በናታንያ መሀል ከተማ፣ ከገበያው ብዙም በማይርቅ ጠባብ የጥገና ሱቅ ውስጥ፣ ማዝጋን ከሚሉት የአየር ማቀዝቀዣ ሆድ የወጣ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ባለሙያው አልኮል የነካ ብሩሽ ይዞ ቀስ እያለ ያሸዋል። የባሕሩ ጨው ያመጣው አረንጓዴ ዝገት ሲለቅ፣ ሦስት እግር ያላት፣ ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥቁር ዕቃ ብቅ አለች። ጀርባዋ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ የተረፈው ጽሑፍ «1ኤ» ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ ሌላ ምልክት ከነበረም ተቃጥሏል።

የማዝጋኑ ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ በር አጠገብ ወንበር ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ይድናል ወይስ ሌላ እንግዛ?»

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። የተቃጠለችው ምን እንደሆነች ሳላውቅ ምን ብዬ ልመልስልዎ?»

ባለሙያው ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። ከጎንደር የመጣው ልጅ ሳለ ነው፤ አማርኛውን ከቤት፣ ዕብራይስጡን ከትምህርት ቤት፣ የቦርድ ንባብን ደግሞ ከዚህ ጠረጴዛ አገኘ። በዚህ ሙያ ዕቃ ነቅሎ ሌላ መበየድ እጁ ለለመደ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚያደክመው የተነቀለው ምን እንደነበረ ማወቅ ነው። ያን ካላወቁ ትክክለኛውን መግዛትም፣ ተመሳሳዩን መፈለግም፣ ለባለቤቱ ዋጋ መንገርም አይቻልም።

ችግሩ የሚጀምረው ከቦታ ጥበት ነው። የድሮ ትራንዚስተር ሙሉ ስሙን የሚሸከም ጀርባ ነበረው። ዛሬ በየቦርዱ የሚገኘው «ሶት-23» የተባለው ቅርጽ ግን አካሉ ወደ 2.9 በ1.3 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ሙሉ ስም አይጻፍም። ስለዚህ አምራቾች ሁለት ወይም ሦስት ፊደልና ቁጥር ብቻ ያትማሉ። ኮዱን የሚመርጠውም እያንዳንዱ አምራች ለራሱ ነው፤ ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ዓለም አቀፍ መዝገብ የለም። «1ኤ» በአንዱ አምራች ዘንድ ቢሲ846ኤ የተባለው ትራንዚስተር ነው፤ በሌላው ዘንድ ኤምኤምቢቲ3904 ነው። ሁለቱም ኤንፒኤን የሚባለው ዓይነት ናቸው፣ የእግራቸውም አሰላለፍ አንድ ነው። የመጀመሪያው ግን እስከ 65 ቮልት ይችላል፤ ሁለተኛው በ40 ይቆማል። በ12 ቮልት ለሚሠራ ዑደት ማንኛቸውም ይሆናሉ። 50 ቮልት በሚያልፍበት ቦታ ሁለተኛውን ያስገባ ሰው ግን ደንበኛው በሳምንቱ ቦርዱን ይዞ ሲመለስ ያየዋል።

አንዳንድ አምራቾች ከኮዱ ጎን ሌላ ፊደል ያክላሉ። ኤንኤክስፒ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በትንንሽ ዕቃዎቹ ላይ «ፒ» ሲያትም ሆንግ ኮንግ፣ «ቲ» ሲያትም ማሌዥያ፣ «ደብልዩ» ሲያትም ቻይና መሠራቱን ይናገር ነበር። ይህን የማያውቅ ጀማሪ «1ኤቲ» የሚል ዕቃ ሲያገኝ ሦስቱን ምልክት እንደ አንድ ስም ቆጥሮ ሲፈልግ ይውላል። የሚያውቀው ግን ከዚያች አንዲት ፊደል የአምራቹን ማንነት ያገኛል፤ አምራቹ ከታወቀ ደግሞ «1ኤ» የማን ቋንቋ እንደሆነች ታወቀ ማለት ነው። በዚህ ቦርድ ላይ ያቺ ፊደል ነድዳለች።

ኦሪት በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድ ታዝዛለች፤ ሁለት ወይም ሦስት ትጠይቃለች። ባለሙያውም በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው እንዲሁ ነው። በዕቃው ጀርባ ያለው ጽሑፍ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ሁለተኛው ቦርዱ ራሱ ነው፦ በነጭ ቀለም ከዕቃው ጎን የታተመው ፊደል «አር» ከሆነ ሬዚስተር፣ «ሲ» ካፓሲተር፣ «ዲ» ዳዮድ፣ «ኪው» ትራንዚስተር፣ «ዩ» አይሲ (ቺፕ) መሆኑን ይነግራል፤ የመዳቡ መስመርም ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። ሦስተኛው ቴስተሩ ነው። እዚህ ላይ ነጩ ጽሑፍ «ኪው» አለ። መስመሩን ሲከተለው አንዱ እግር በሬዚስተር በኩል ከትልቁ አይሲ ይመጣል፣ ሌላው ወደ አንድ ሪሌይ ይሄዳል፤ የሪሌዩ መመገቢያ ሲለካ 12 ቮልት ሆነ። ሦስቱም ተስማሙ፦ ሪሌይ የምትከፍትና የምትዘጋ ትራንዚስተር ናት። እሱም ከሁለቱ የበለጠ ቮልት የሚችለውን፣ ባለ 65ቱን መረጠ። ሽማግሌው «እንግዲህ ይዳን» ብለው ተነሡ።

ቁጥሮቹ ከፊደሎቹ ይልቅ ሥርዓት አላቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእነሱ ነው። «103» የሚል ሬዚስተር 103 ኦም አይደለም፤ 10 ላይ ሦስት ዜሮ ጨምር ማለት ነው፣ 10 ሺሕ ኦም። ያው «103» ካፓሲተር ላይ ሲገኝ 10 ሺሕ ፒኮፋራድ፣ ማለትም 10 ናኖፋራድ ይሆናል። «4አር7» ካለ «አር» የነጥብ ምትክ ናት፤ 4.7 ኦም። ልካቸው ይበልጥ ትክክለኛ በሆኑት ትንንሽ ሬዚስተሮች ላይ ደግሞ «01ሲ» የሚል ይገኛል። ይህ ሌላ ሥርዓት ነው፦ 01 በሠንጠረዥ ውስጥ 100ን ይወክላል፣ «ሲ» በ100 አባዛ ይላል፤ ውጤቱ 10 ሺሕ ኦም። ያለ ሠንጠረዡ ማንም አይደርስበትም፤ ከሠንጠረዡ ጋር ግን የአንድ ደቂቃ ነገር ነው።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ማጣሪያ አለ። ሬዚስተር በማንኛውም ቁጥር አይሠራም። በተለመደው ባለ 12 ተከታታይ ውስጥ ያሉት 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 22፣ 27፣ 33፣ 39፣ 47፣ 56፣ 68 እና 82፣ ከዚያም የእነሱ የ10 ብዜቶች ናቸው። ሙቀት የቀለም ቀለበቶቹን ሲለውጥ ቀዩ ቡናማ ይመስላል፣ ብርቱካኑም ቀይ። ከእንዲህ ያለ ሬዚስተር «57» የሚል ያነበበ ሰው ዓይኑ እንዳታለለው ወዲያው ያውቃል። 57 የለም። 56 ወይም 47 መሆን አለበት፤ ከዚያ ቀለሞቹን በሌላ ብርሃን ደግሞ ያያል።

የቁጥር ስህተት ገንዘብ ብቻ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ፤ እሳት የሚያስነሣበትም ጊዜ አለ። ከማዝጋኑ ቦርድ መግቢያ፣ ከፊውዙ ቀጥሎ፣ ክብ ሰማያዊ ዕቃ ትቆማለች። ቫሪስተር ትባላለች፤ የመብራት ኃይል ሲዘል ራሷን ሠውታ ቦርዱን ታድናለች። ጀርባዋ ላይ «10ዲ471ኬ» ተጽፏል። 10 የዲስኳ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 471 ደግሞ 47 ላይ አንድ ዜሮ፣ 470 ቮልት። «ኬ» በ10 በመቶ ወደላይም ወደታችም ሊለይ ይችላል ትላለች። ይህች ዕቃ እስከ 300 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ትሸከማለች፤ ለእስራኤል 230 ቮልትም ለኢትዮጵያ 220 ቮልትም ትስማማለች። በመልክ እሷኑ የምትመስለው «10ዲ241ኬ» ግን የተሠራችው 110 ወይም 120 ቮልት ለሚጠቀሙ አገሮች ነው፤ 150 ላይ ትቆማለች። ከአሜሪካ በመጣ ዕቃ ውስጥ ያገኟትን ነቅሎ እዚህ መበየድ ማለት ሶኬቱ እንደተሰካ ፍንዳታ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ሁለቱን የሚለየው አንዲት የታተመች ቁጥር ብቻ ስለሆነ ነው። እንደዚሁ «ኤክስ2» የሚል ምልክት ያለው ካፓሲተር መተካት ያለበት ያንኑ ምልክት በያዘ ብቻ ነው፤ አቅሙ ስለተመሳሰለ ተራውን ማስገባት የቤት ሰዎችን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ነው። በቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ እንደሚቆይ ለልጆች ደጋግሞ መንገር ይገባል።

ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ሬዲዮኖች አሉ። አንዱ የጃፓኑ ናሽናል ነው፤ በኢትዮጵያ ስንት ቤት ዜና የተሰማበት ዓይነት። የውስጡ ትራንዚስተር «ሲ945» ይላል። በዚህ ስም ብቻ የፈለገ ሰው ካፓሲተር ይሁን ሌላ ነገር ግራ ይገባዋል። ጃፓኖች በራሳቸው ደረጃ ስሙን «2ኤስሲ945» ብለው ይመዘግቡታል፤ ቦታ ለመቆጠብ ግን «2ኤስ»ን ጀርባው ላይ አያትሙም። እሱን መልሶ የጨመረ ሰው ስሙን አገኘ። «ኤ» እና «ቢ» የሚሉት ፒኤንፒ፣ «ሲ» እና «ዲ» የሚሉት ኤንፒኤን ናቸው። አሜሪካኖች በ«1ኤን» ዳዮድን፣ በ«2ኤን» ትራንዚስተርን ይጠራሉ። ከአውሮፓውያኑ አሠራር የበለጠ የሚናገር ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ብራስልስ ላይ የተቋቋመው ፕሮ ኤሌክትሮን ባወጣው ደንብ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው ፊደል የተሠራበትን ነገር ይነግራል፦ «ኤ» ጀርማኒየም፣ «ቢ» ሲሊከን። ሁለተኛው ሥራውን ይነግራል፦ «ሲ» አነስተኛ ኃይል ላለው ድምፅ፣ «ዲ» ከፍተኛ ኃይል ላለው፣ «ኤፍ» ለከፍተኛ ሞገድ። ቢሲ547 የሚለውን ያየ ሰው ሠንጠረዥ ሳይከፍት ግማሹን ያውቃል።

ናታንያ የኢትዮጵያ ልጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። በ1990ዎቹ ደግሞ ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ወደ እስራኤል ከመጣው ሕዝብ ብዙ ሰዎችን ተቀብላለች፤ ከመጡት መካከል መሐንዲሶች ጥቂት አልነበሩም። ከእነርሱ የአንዱ ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ ጠፍጣፋ ብርቱካንማ ትራንዚስተሮች ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ላይ አንድ የሩሲያ ፊደል ብቻ። ቁጥር የለም። ባለሙያው ምስጢሩን የሰማው ከራሱ ከባለ ሬዲዮው ነው፦ ፊደሏ ወደ ግራ ጠርዝ ከተጠጋች ዕቃው ኬቲ315፣ መሀል ላይ ከቆመች ኬቲ361 ነው። የመጀመሪያው ኤንፒኤን፣ ሁለተኛው ፒኤንፒ፤ አንዱን በአንዱ ቦታ ያስገባ ምንም ድምፅ አይሰማም። የፊደሏ ማንነት ሳይሆን የቆመችበት ቦታ ስም ሆነ። እንዲህ ያለ ዕውቀት በብዛት የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው፤ በሶቭየት ፋብሪካ የተለመደውን ነገር የጎንደር ልጅ ጠይቆ አገኘው። በዚች ከተማ ከሰማኋቸው ነገሮች ይህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ሌላው መሰናክል ዓመት ነው። አይሲ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ይታተማል፤ አንዱ ስሙ፣ ሌላው የተሠራበት ቀን። ቀኑ አራት አኀዝ ነው፤ ሁለቱ ዓመቱን፣ ሁለቱ የዓመቱን ሳምንት ያመለክታሉ። ከ74 የሚጀምሩ የአይሲ ስሞች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ በ1974 በ20ኛው ሳምንት የተሠራ አይሲ «7420» ሲል ስሙ ይመስላል፤ «7420» የሚባል አይሲም በእርግጥ አለ። መለያው አጠገቡ ያለው ሌላው መስመር ነው፤ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ የአምራቹን ፊደላት፣ ከኋላው የቅርጹን ፊደል ይዞ ይመጣል፤ ቀን ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ይቆማል። የቀን ኮድ ለጥገና ያን ያህል ባይጠቅምም ለእኔ የሚነካ ነገር አለው። በዚህ ሱቅ ሣጥን ውስጥ «9121» የሚል ካለ የተሠራው በ1991 በ21ኛው ሳምንት ነው፤ ዘመቻ ሰሎሞን 14,325 ሰዎችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ያመጣበት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 የነበረበት ሳምንት። አንዱ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ማሽኑን ሲያስነሣ፣ ምናልባት ሰዎቹን የጫኑት አውሮፕላኖች በአየር ላይ ነበሩ።

ባለሙያው እነዚህን ጽሑፎች የሚያነብበት ማጉያ መነጽርም የናታንያ ታሪክ ያለበት ነው። በ1929 የተመሠረተችው ከተማ በ1940ዎቹ አልማዝ በመቁረጥና በማለስለስ ትታወቅ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቤልጅየሙን የአንትወርፕ ሥራ ሲያቋርጥ ሙያው እዚህ ሰፋ። አልማዝ የሚመረመረው 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ነው። ያው መነጽር ዛሬ የቺፕ ጀርባ ያነባል። ብርሃኑ ከላይ ቀጥ ብሎ ከመጣ ጽሑፉ ይጠፋል። ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን በሌዘር የተቀረጸው ፊደል ጥላ ያወጣና ይነበባል። አልኮል የነካው ቺፕ ሊደርቅ ሲል ለቅጽበት ይደምቃል። ነጭ ጠመኔ አሽቶ በጨርቅ መጥረግም ጎድጎድ ባለው ፊደል ውስጥ ዱቄቱን ያስቀራል። የስልክ ካሜራም ዓይን ያልያዘውን ይይዛል፤ ፎቶውን ማንሣት ያለብን ግን ዕቃው ከመነቀሉ በፊት ነው፣ ሙቀትና ማጣበቂያ ቀለሙን ይዘውት ስለሚሄዱ።

የአምራች አርማም ብዙ ይናገራል። በብዙ ሬዚስተሮች ማሸጊያ ላይ የሚገኘው ቪሼይ የሚለው ስም የሊትዌኒያ መንደር ስም ነው። መሥራቹ ፌሊክስ ዛንድማን በናዚ ዘመን በፖላንድ በአንዲት ሴት ቤት ወለል ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ 17 ወራት ተደብቆ የቆየ ነው፤ አብሮት የተደበቀው አጎቱ በጨለማ ሒሳብ አስተማረው። በ1962 ኩባንያውን በአሜሪካ ሲመሠርት የጠፋውን የአያቱን መንደር ስም ሰጠው። ኩባንያው በእስራኤልም ፋብሪካዎች ከፍቷል። በጨለማ የተማረ ሰው ሬዚስተሮች ዛሬ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ይነቀላሉ፣ ይበየዳሉ።

ባለሙያው የመጣበት ማኅበረሰብ ከእጅ ጥበብ ጋር ያለው ግንኙነት ቁስል አለበት። ቤተ እስራኤላውያን በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎች ነበሩ። ማረሻውንም ማሰሮውንም ሠርተው ለገበሬው ሰጡ፤ በምላሹ ቡዳ ተባሉ። ሙያው የሚፈለግ፣ ባለሙያው የሚፈራና የሚናቅ ነበር። እስራኤል ሲደርሱ ደግሞ የወላጆቹ ጥበብ ገበያ አጣ። በ1880 ፒተርስበርግ ላይ የተመሠረተው ኦርት የተባለው የሙያ ትምህርት ድርጅት በ1970ዎቹ መጨረሻ በጎንደር ለቤተ እስራኤል ትምህርት ቤትና ሥልጠና ከፍቶ፣ በ1981 ደርግ አስወጣው። በእስራኤል ያሉት የኦርት ትምህርት ቤቶች በናታንያም አሉ፤ ከዚያ ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች ተመርቀዋል። ዛሬ አባት በጎንደር የቀጠቀጠውን ብረት እያስታወሰ ልጁ ቺፕ ሲያነብ ማየት የጠፋው ክብር በሌላ በር ሲገባ ማየት ነው። እኔ እንዲህ ነው የማየው።

ጽሑፍ ጨርሶ በሌለበትስ? ትንንሽ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ላይ በልማድ ምንም አይታተምም። ለእነሱ መለኪያ ያስፈልጋል። ለሌሎች ደግሞ ጀርመናዊው ማርኩስ ፍሬዬክ ጀምሮት ካርል-ሃይንዝ ክዩበለር ያሳደገው አነስተኛ የዕቃ መመርመሪያ አለ፤ ገበያ ላይ «ኤም328» ተብሎ ይሸጣል። ሦስት እግሩን ሲሰኩት ዓይነቱንና የእግሮቹን ቅደም ተከተል በስክሪን ያሳያል። ሆኖም ስንት ቮልት እንደሚችል አይነግርም። የሚለካው ዛሬ ያለውን እንጂ የአቅሙን ዳር አይደለም። ወደ አቅሙ ዳር የሚያደርሰው ስሙ ብቻ ነው፤ ከስሙ ወደ ዳታሺት (የአምራቹ መረጃ ወረቀት)፣ ከዳታሺት ወደ ወሰኑ።

ስለዚህ ስሙን የሚያጠፋ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። አንዳንዶቹ ያረጀውን ቺፕ ጀርባ ሞርደው፣ በጥቁር ቀለም ለብጠው አዲስና ውድ ስም ያትሙበታል። በ2012 የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ባወጣው ምርመራ ወደ 1,800 የሚሆኑ የተጠረጠሩ ሐሰተኛ ዕቃዎች ጉዳዮች ተገኝተዋል፤ የዕቃዎቹ ድምር ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ወደ ጦር መሣሪያዎችም ገብተው ነበር። የተለበጠውን ለመለየት አሴቶን የነካ ጥጥ ይታሻል፤ ጥጡ ጥቁር ከሆነና የሞረድ ጭረት ከታየ ዕቃው ታማኝ አይደለም። ሌሎቹ የሚያጠፉት በሕጋዊ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ተፎካካሪ እንዳይቀዳቸው በሚል የራሳቸውን ቺፕ ጀርባ በሌዘር ይፍቃሉ። ተፎካካሪው ግን ላቦራቶሪ አለው፤ በአሲድ ከፍቶ ያየዋል። የሚጎዳው የናታንያው ጠጋኝ ነው፣ የመርካቶው ጠጋኝ ነው፣ በአንዲት ትንሽ ዕቃ ምክንያት ሙሉ ቦርድ እንዲገዙ የሚገደዱት ሽማግሌ ናቸው። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በሥርዓት ተሰብስቦ ለዳግም አገልግሎት መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የጥገና መብት መመሪያ ከጁላይ 2026 መጨረሻ ጀምሮ የተወሰኑ ዕቃዎች እንዳይጠገኑ የሚያደናቅፉ የአሠራር ዘዴዎችን ያግዳል። በእኔ እምነት የተፋቀ ስምም ከነዚህ ዘዴዎች መቆጠር አለበት፤ የእስራኤልም የኢትዮጵያም ሕግ አውጪ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ጀርባው የተፋቀ ቺፕ ወደ ሱቁ ሲመጣ ባለሙያው አያባርረውም። መጀመሪያ የኃይል እግሮቹን ያገኛል፤ ከትልቁ ካፓሲተር ጋር የተገናኙት እነሱ ናቸው። ከዚያ በዙሪያው ያሉትን ዕቃዎች እያየ ሥራውን ይገምታል፦ ከአጠገቡ ክሪስታል ካለ ሰዓት የሚፈልግ አንጎል ነው፣ የመዳብ ጥቅልል ካለ ኃይል የሚለውጥ ነው። በመጨረሻ ያው ሞዴል የሆነ ሌላ የተበላሸ ቦርድ ይፈልጋል፤ አንዱ ፋብሪካ የፋቀውን ሌላው ፋብሪካ ለያው ሞዴል ሳይፍቅ ተጠቅሞት ይገኛል። ስሙን ሲያገኝ፣ ያስገባውን ዕቃ ሙሉ ስም፣ ቮልቱንና ቀኑን በማይለቅ ቀለም በመሣሪያው መክደኛ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጽፈዋል። ቁጥሩን በላቲን ፊደል፣ ማብራሪያውን በዕብራይስጥ፣ ባለቤቱ አበሻ ከሆነ ደግሞ በአማርኛም።